«በ» ሁልጊዜ «ኢን» አይደለም፦ የእንግሊዝኛ ፕሪፖዚሽን ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሀዋሳ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ የሆቴል ማስታወቂያ፣ የሥራ ማመልከቻ ወይም የቢሮ ኢሜይል ቃላቱ ሁሉ ደህና ሆነው አንዲት ፕሪፖዚሽን (እንደ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» ያለች መስተዋድድ) ላይ ሲሰናከል ማየት የተለመደ ነው። አብዛኛው ስሕተት የስንፍና አይደለም፤ አማርኛውን ተከትሎ የሚመጣ ነው። ከየት እንደመጣ ከታወቀ ደግሞ ይታረማል።

«በ ማለት ኢን ነው»

የስሕተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። የእኛ «በ» ቦታውንም፣ ጊዜውንም፣ መሣሪያውንም፣ መጓጓዣውንም ብቻውን ይሸከማል። እንግሊዝኛ ሥራውን ለኢን፣ ለኦን፣ ለአት፣ ለባይና ለዊዝ ያከፋፍለዋል። በቢላ ስንቆርጥ «ዊዝ ኤ ናይፍ» ነው እንጂ «ባይ» አይደለም።

ሐይቃችንን እንውሰድ። ቆሮሶው «ኢን ዘ ሌክ» ነው፤ ውኃው ውስጥ ይኖራላ። ጀልባው «ኦን ዘ ሌክ»፤ ከላዩ ነው። ዳር ላይ ያለ ሆቴል «ኦን ዘ ሌክ» ወይም «ባይ ዘ ሌክ» ቢባል ሁለቱም ያስኬዳል። «አወር ሆቴል ኢዝ ኢን ዘ ሌክ» ብሎ የጻፈ ባለቤት ግን ሆቴሉን አስጥሞታል። «አት» የሚያስቸግራቸው ሰዎች «ጋ»ን ያስቡ፦ መናኸሪያው ጋ፣ በሩ ጋ፣ ፌርማታው ጋ በምንልበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው «አት» ነው። ከተማ ስም ላይ ሲሆን «ኢን ሀዋሳ»።

መጓጓዣ ላይ «ባይ ባጃጅ» ትክክል ነው፤ ነገር ግን «ባይ» የሚስማማው ባዶ ስም ብቻ ነው። «የእኔ»፣ «የእሱ» ወይም «ዘ» ሲጨመርበት ይለወጣል። «በመኪናዬ መጣሁ» ለማለት «ባይ ማይ ካር» ማለት አያስኬድም፤ መኪናው አጠገብ የሚል ስሜት ይሰጣል። ትክክሉ «ኢን ማይ ካር» ነው። ቆመን የምንራመድበት ትልቅ ነገር፣ ማለትም አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን፣ «ኦን» ይወስዳል፤ ጎንበስ ብለን ገብተን የምንቀመጥበት ባጃጅና የቤት መኪና «ኢን»። ብስክሌትና ሞተር ከላይ ስለሚወጣባቸው ወደ «ኦን» ይመለሳሉ። በእግር ደግሞ «ኦን ፉት» ነው።

«ሰዓት አት፣ ቀን ኦን፣ ወርና ዓመት ኢን፤ አለቀ»

ሕጉ ትክክል ነው፤ አላለቀም እንጂ። ጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ሲሆን የሰኞ ጠዋት ግን «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» ነው፤ ቀኑ ከተጠራ ቀኑ ይገዛል። ሌሊት «አት ናይት»። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ኔክስት፣ ላስት፣ ዚስ እና ኤቭሪ ሲመጡ ፕሪፖዚሽኑ ይወጣል። «በሚቀጥለው ሰኞ» ብለን ስለምናስብ «ኦን ኔክስት መንደይ» እንላለን፤ «ኔክስት መንደይ» ብቻ ይበቃል።

ለውጭ ሰው ቀጠሮ ሲጻፍ ሰዓቱም ይቀየር። ጠዋት 2 ሰዓት ማለት «አት ኤይት» ነው፤ «አት ቱ» ተብሎ ከተጻፈ ፕሪፖዚሽኑ ትክክል ሆኖ እንግዳው በእኛ 8 ሰዓት ይመጣል።

«እስከ ማለት አንቲል ነው»

ደብዳቤ ላይ ጉዳት የሚያመጣው ይሄኛው ነው። «ሪፖርቱን እስከ ዓርብ እልካለሁ» እና «እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ» አማርኛው ላይ በአንድ «እስከ» ያልፋሉ። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ድርጊቱ አንዴ የሚፈጸምና ዓርብ የመጨረሻው ቀን ከሆነ «ባይ ፍራይደይ»፤ ድርጊቱ ሳይቋረጥ እስከ ዓርብ የሚዘልቅ ከሆነ «አንቲል ፍራይደይ»። «አይ ዊል ሴንድ ዘ ሪፖርት አንቲል ፍራይደይ» ያለ ሰው በየቀኑ ሪፖርት ሊልክ ነው ማለት ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ረቡዕ ላይ ቢያልቅ ችግር አለው? ከሌለው «ባይ» ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው «ከ… ጀምሮ» ነው። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ተብሎ ሲታሰብ «ሲንስ ስሪ ይርስ» ይመጣል። «ሲንስ» መነሻውን ይፈልጋል፦ «ሲንስ መንደይ»። ርዝመቱ ሲነገር «ፎር ስሪ ይርስ» ነው፤ ግሡም «ሊቭ» ሳይሆን «ሃቭ ሊቭድ» ይሆናል። መነሻው ወደፊት ያለ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም አይሆኑም። ቢሮው ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው የሚል ማስታወቂያ «ፍሮም መንደይ» ይላል።

«አማርኛው ላይ ከሌለ እንግሊዝኛውም ላይ የለም»

ግሦቻችን ፕሪፖዚሽኑን ወይ ይውጡታል ወይ ጅራታቸው ላይ ይቀጥሉታል። «ጠብቀኝ» ስንል ምንም ስለማይታይ «ዌይት ሚ»፣ «ስማኝ» ስንል «ሊስን ሚ» እንላለን፤ ትክክሉ «ዌይት ፎር ሚ» እና «ሊስን ቱ ሚ» ነው። «ደወልኩለት» ላይ ደግሞ «ለ» ስላለ «አይ ኮልድ ቱ ሂም» ይባላል። ስልክ ሲሆን «አይ ኮልድ ሂም» ብቻ ነው፤ «ቱ» ሲገባበት ከሩቅ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጥራት ይመስላል።

ሲበዛም ስሕተት ነው። ዲስከስ፣ ሜንሽን እና ኮንታክት ያለ ፕሪፖዚሽን ይሄዳሉ፤ «ስለ» ብለን ስለምንወያይ ብቻ «ዲስከስ አባውት» ልክ አይሆንም። ክፍል ውስጥ መግባትም «ኤንተር ዘ ሩም» ነው። ትዳር ላይ «ከእሱ ጋር ተጋባች» የሚለው አማርኛ «ማሪድ ዊዝ» ያስጽፋል፤ «ማሪድ ቱ» ነው የሚባለው። «ማሪድ ዊዝ ቱ ቺልድረን» የሚል ከታየ ግን ስሕተት አይደለም፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች ወላጅ ማለቱ ነው።

«ከቱ በኋላ ሁልጊዜ ባዶ ግሥ ይመጣል»

የማመልከቻ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» የዚህ ልጅ ነው። «ቱ» ሁለት ናት። «አይ ዋንት ቱ ጎ» ላይ የግሡ አካል ናት፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ላይ ግን ፕሪፖዚሽን ስለሆነች «ሂሪንግ» ትፈልጋለች። መፈተኛው፦ ከ«ቱ» ቀጥሎ «ኢት» አስገቡ። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ያስኬዳል፤ ስለዚህ «ኢንግ»። «ዋንት ቱ ኢት» አያስኬድም፤ ስለዚህ ባዶው ግሥ።

«ዓረፍተ ነገር በፕሪፖዚሽን አይጨረስም» የሚለው ክልከላ ደግሞ የቆየ ነው። ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 የተውኔት ጸሐፊውን የቤን ጆንሰንን አጻጻፍ የተቸው በዚሁ ነበር። ዛሬ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» ማለት ፍጹም ትክክል ነው፤ «ፎር ሁም» የሚለው ለመደበኛ ጽሑፍ ይቀመጥ።

ሁሉም ልዩነት ስሕተት ነው ብሎ ማሰብም አይገባም። ቅዳሜና እሑድን እንግሊዞች «አት ዘ ዊኬንድ»፣ አሜሪካኖች «ኦን ዘ ዊኬንድ» ይላሉ። አንዱን መርጦ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ በእሱ መቀጠል ነው።