የኢቦር ሲቲ ሲጋር ሠራተኞች፦ ንባብ፣ ዳቦና ማኅበር

ኢቦር ሲቲ በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በታምፓ ከተማ ውስጥ የሚገኝ በሲጋር ሥራ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ትውልደ ስፔናዊ ከሆነው ባለፋብሪካ ከቪሴንቴ ማርቲኔስ ኢቦር ሲሆን፣ ፋብሪካው እዚያ ማምረት የጀመረው በ1886 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኩባ፣ ከስፔንና ከሲሲሊ የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ኑሯቸውን እዚያ መሠረቱ። በሠራተኛው እንቅስቃሴ ታሪክ ሰፈሩን የማይረሳ ያደረገው ግን ሠራተኞቹ በገዛ ኪሳቸው ያቆሙት ነገር ነው፦ በሥራ ሰዓት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብላቸው ሰው ቀጥረዋል፣ በአድማ ጊዜ የጋራ ወጥ ቤት ከፍተዋል፣ ሲታመሙ የሚያሳክማቸው ማኅበር መሥርተዋል።

አንባቢውን በስፓኒሽ «ሌክቶር» ይሉታል። ልማዱ የመጣው ከሃቫና ነው። በ1865 ሳቱርኒኖ ማርቲኔስ የተባለ ሲጋር ሠራተኛና ገጣሚ «ላ አውሮራ» የተሰኘ የሠራተኞች ጋዜጣ መሠረተ። አብዛኛው ሠራተኛ ፊደል ያልቆጠረ ስለነበር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በኤል ፊጋሮ ፋብሪካ ጮክ ብሎ ማንበብ ተጀመረ። የስፔን ቅኝ ገዥዎች ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ስለገባቸው በማግስቱ ዓመት ከለከሉት። ክልከላው ግን ልማዱን አላጠፋውም፤ ስደተኞቹ ባሕሩን ሲሻገሩ ይዘውት ተሻገሩ።

ሲጋር የሚጠቀለለው በእጅ ነው። የሚጮህ ማሽን የለም፤ እጅና ዓይን ሲሠሩ ጆሮ ነጻ ነው። ሌክቶሩ በአዳራሹ መካከል ከፍ ባለ መድረክ ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በመቶዎች ለሚቆጠር ሰው ያነባል። ጠዋት ጋዜጣ ነው፤ የእንግሊዝኛውን እዚያው በስፓኒሽ እየመለሰ ያሰማቸዋል። የሠራተኞች ጋዜጦችም ይነበባሉ። ከሰዓት በኋላ የልብ ወለድ ተራ ነው፤ ዶን ኪኾቴ፣ የቪክቶር ሁጎና የኤሚል ዞላ ሥራዎች ደጋግመው የተነበቡ ናቸው። የትኛው መጽሐፍ ይነበብ የሚለው በሠራተኛው ድምፅ ይወሰናል። አንባቢውም ቢሆን ተፈትኖ፣ ድምፁ ተሰምቶ፣ ሠራተኛው ሲወድደው ነው የሚቀጠረው። ንባቡ ልብ ሲነካ ትምባሆ መቁረጫ ቢላቸውን ከጠረጴዛው ጋር ያንኳኳሉ፤ ጭብጨባቸው ይህ ነበር።

እያንዳንዱ ሠራተኛ ለዚህ በሳምንት 25 ሳንቲም ገደማ ያዋጣል። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንባቢው የባለፋብሪካው ተቀጣሪ ስላልነበረ ምን እንደሚያነብ ባለፋብሪካው ሊያዝዘው አይችልም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለ ዓለም ፖለቲካ የሚከራከረውና ከሲሲሊ የመጣው ገበሬ ስፓኒሽ የሚለምደው በዚያ አዳራሽ ነበር። የኩባ የነጻነት ትግል መሪው ሆሴ ማርቲ በ1891 ታምፓ መጥቶ ለኩባ ነጻነት ሲቀሰቅስም ከሌክቶሮቹ አፍ ብዙ የሰማ ሕዝብ ነው የተቀበለው። ከጥቂቶቹ ሴት አንባቢዎች አንዷ ፖርቶሪካዊቷ የሠራተኞች ታጋይ ሉዊሳ ካፔቲዮ ነበረች።

ዳቦው የሰፈሩ ሌላ መለያ ነው። ሲሲሊያዊው ፍራንሲስኮ ፌርሊታ በ1896 የከፈተው ዳቦ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ረጅሙን የኩባ ዳቦ አዳዮች በየማለዳው ቤት ለቤት እያዞሩ፣ በበሩ አጠገብ በተመታ ሚስማር ላይ ሰክተውት ይሄዱ ነበር።

ማኅበሮቹ እኛ እድር ከምንለው ብዙም አይርቁም፤ መዋጮ አለ፣ ቀብር አለ። ከዚያ አልፈው ሐኪም ይቀጥራሉ፣ ቤተ መጻሕፍትና የጭፈራ አዳራሽ ይሠራሉ፤ የስፔናውያኑ ማኅበራት ሆስፒታል እስከ መክፈት ደርሰዋል። የስፔናውያኑ ሴንትሮ ኢስፓኞል በ1891፣ የጣልያኖቹ በ1894 ተመሠረቱ። የሚያሳዝነው ግን በአንድ ፋብሪካ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩት ኩባውያን በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ሳይሆን በራሷ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በነበረው የዘር መለያየት ሕግ ምክንያት በአንድ ማኅበር መቀጠል አለመቻላቸው ነው፤ ጥቁሮቹ ማርቲ-ማሴኦ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ።

የአድማ ጊዜ ሁሉንም ይፈትናል። በ1901 «ላ ሬሲስተንሲያ» የተባለው የሠራተኞች ማኅበር አድማ ሲመታ ለአድመኛው ቤተሰብ ወጥ ቤቶች ከፈተ። በከተማው ነጋዴዎች የሚደገፉ የታጠቁ ሰዎች 13 መሪዎችን በሌሊት አፍነው በመርከብ ጭነው ሆንዱራስ ዳርቻ ላይ ጣሏቸው፤ በወጥ ቤቶቹም ላይ ዘመቱ። አድመኛው የሚበላው እስካለው ድረስ ተርቦ ወደ ሥራ አይመለስማ! በ1920 የተጀመረው ሌላው አድማ 10 ወር ዘልቋል። በደረቀ ዳቦ ዱቄትና ከባሕር ዳር በተለቀመ ሸርጣን የሚሠራው፣ ዛሬ የታምፓ መለያ የሆነው ጥብስ የተፈለሰፈው በዚያ ችግር ወቅት ነው ይላሉ የሰፈሩ ሰዎች።

በ1931 መጨረሻ ባለፋብሪካዎቹ ሌክቶሮቹ የአመፅ ሐሳብ ያሰራጫሉ በማለት መድረኮቹን አስነሡ። ሠራተኛው ሥራ አቆመ፣ ባለፋብሪካዎቹ በሩን ዘጉ። ሲከፈት በአንባቢው ቦታ ሬዲዮ ገባ። ሬዲዮ ድምፅ ተሰጥቶበት የሚመረጥ ነገር አይደለም።

በኩባ ፋብሪካዎች ግን ንባቡ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም፤ አገሪቱ በ2012 ብሔራዊ የባህል ቅርስ ብላዋለች። በታምፓ ደግሞ የቀድሞው ሌክቶር ቪክቶሪያኖ ማንቴይጋ በ1922 የመሠረተው «ላ ጋሴታ» ጋዜጣ አሁንም በስፓኒሽ፣ በእንግሊዝኛና በጣልያንኛ ይታተማል።