በአዳማ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና የመረዳጃ ማኅበራት

አዳማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የኦሮሚያ ከተማ ናት። ስሟ ትርጉሙ ቁልቋል ከሆነ የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል። ለረጅም ጊዜ ናዝሬት ስትባል ስለኖረች የቆዩት ድርጅቶች በሰነድ ላይ የሚገኙት በዚያ ስም ነው። ከተማዋን ያሳደጋት ባቡሩ ነው። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ ከመስመሩ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው፣ ሠራተኛው፣ ሹፌሩ ከየአቅጣጫው መጥቶ ከነባሩ ኦሮሞ ጋር ተጎራብቶ ኖረባት። ብዙው ሰው ዘመዱን ሩቅ ትቶ የመጣ ስለሆነ ዘመድ የሆነው ጎረቤቱ ነው።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ለትርፍ ያልተቋቋሙትን ሁሉ ነው። ዕድሩም፣ የሃይማኖት ተቋማት የልማት ክንፍም፣ አገር በቀል ድርጅቱም፣ የውጭው ቅርንጫፍም ይገባበታል። ከዕድሩ በስተቀር የከተማው ሰው ሌላውን ሁሉ ጠቅልሎ "ኤንጂኦ" ነው የሚለው።

በደንብ ተጽፎ የሚገኘው የሆስፒታሉ ታሪክ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በአገሪቱ ሐኪም ብርቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሜኖናይት የሚባሉት የአሜሪካ ክርስቲያኖች ለእርዳታ መጡ። መንግሥትም ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጥጥ መዳመጫ ግቢ ናዝሬት ላይ ሰጣቸው። ጥጥ ይዳመጥበት የነበረው ግቢ ሕመምተኛ መቀበል ጀመረ። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል የተሰየመው በኃይለ ማርያም ማሞ ነው። ኃይለ ማርያም በሸዋ ከጠላት ጋር ሲዋጋ በ1930 ዓ.ም. የወደቀ አርበኛ ነው። ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎች የሠሩበት ቤት በአገር ጀግና መጠራቱ ለአዳማ ልጅ ዛሬም ደስ ይላል።

ሆስፒታሉ በማከም ብቻ አልቆመም። የድሬሰሮች ትምህርት ቤትም ከፈተ። ድሬሰር ማለት ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ለወባ ኪኒን የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ዶክተር በማይደርስበት አገር ሰው "ሐኪሙ" የሚለው እሱን ነበር። ከናዝሬት ተምረው የወጡት በየከተማው ክሊኒክና መድኃኒት ቤት እስከ መክፈት ደረሱ። በእኔ እምነት ሚሲዮኑ ለአካባቢው ከሰጠው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሕንፃ አንድ ቦታ ይቆማል። ሙያ ግን ከሰው ጋር ይሄዳል።

በ1951 ዓ.ም. ገደማ የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተከፈተ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ያደገችው ከዚሁ አገልግሎት ነው። የሚሲዮኑ ዋና ዓላማ ስብከት ነበር የሚሉ አሉ። ስብከቱስ ነበረ፣ አልተደበቀም። የሚታከመው ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ ነበር። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኗን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ። ሆስፒታሉም በዚያው ዘመን በመንግሥት እጅ ነበር። ዛሬ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የምንለው እሱን ነው። ከአርሲም ከሌላም አካባቢ ታማሚ ይላክበታል።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በምሥራቅ ሸዋ ቅርንጫፍ አለው። የእርዳታ እህል መጋዘኖችም ከተማዋ በጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለች አዳማን ዋና ማከማቻ አድርገዋታል።

ዕድር መቼ እንደተጀመረ አንድ ቃል የለም። አንዳንዱ በጣሊያን ጊዜ ነው ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ የገቡ ጉራጌዎች ጀመሩት ይላል። አዳማ ላይ ግን ዕድር የሌለው ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። እሑድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ አባላት ይሰበሰባሉ። ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛው ላይ መዝገቡን ይዘረጋል። ወርሃዊ መዋጮ ይከፈላል፣ ደብተር ላይ ይፈረማል። ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ግድግዳው ሥር ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ተደራርቦ፣ ብረት ድስቱ ተገልብጦ ይታያል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳኑን ለመትከል ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ገመድ ይጎትታል።

በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ከተማዋን ክፉኛ ጎዳት። አዳማ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ማደሪያ ናትና። ዕድሮች ቀባሪ ብቻ ሆነው መቀጠል አልቻሉም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። አልጋ የያዘ ሰው ቤት እየሄዱ የሚያጥቡና የሚያበሉ በጎ ፈቃደኞችም ወጡ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ስማቸው የትም አልተጻፈም።

በዚያው ዘመን ድርጅቶችም በዙ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ግን ብዙዎቹን አዳከመ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ለአስተዳደር የሚወጣው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥም ታዘዘ። የሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር አስተዳደር ተብሎ ስለሚቆጠር ሥራ ለመሥራት ከባድ ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው የገንዘብ ምንጭ ገደቡ ተነሣ። የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 20 በመቶ ሆነ፣ ትርጉሙ ግን ጠበበ። ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትም ተፈቀደላቸው። ዕድርና ዕቁብን ሁለቱም አዋጆች አይመለከቷቸውም።

በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ወገኖች አዳማ መጠጊያ ሆናለች። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ፣ ማለትም የተጎዳን ወገን በጋራ ማቋቋሚያው የኦሮሞ ባህል፣ በክልሉ መንግሥት ተቋም ሆኖ ተደራጅቷል።

ስለ ፕሮጀክቶች ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በሰፈራችን ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ሲሰጥ የነበረ ፕሮጀክት ዘመኑ አለቀ ተብሎ ክረምት ላይ ቢሮው ተዘጋ። መስከረም ሲጠባ እናቶች የተቆለፈ በር ላይ ቆመው አይቻለሁ። ታፔላው ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ቆየ። ልጆቹን የተረከበው የሰፈሩ ዕድር ነው። ድንኳኑንና ወንበሩን ለሠርግ እያከራየ፣ በኪራዩ ገንዘብ ደብተር ገዛላቸው።