ፍላግ ቲዎሪ ምንድን ነው?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እየተባልን ነው ያደግነው። ፍላግ ቲዎሪ የሚባለው ሐሳብ ግን አምስት ዛፍ ላይ ውጡ ይላል። ዜግነት ከአንዱ አገር፣ መኖሪያ ከሌላው፣ ንግድ ከሦስተኛው፣ የባንክ ገንዘብ ከአራተኛው፣ መዝናኛ ከአምስተኛው። እያንዳንዱ አገር አንድ ባንዲራ ይሆናል። ሰውየው የትኛውንም መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሳይደገፍ፣ የትኛውም መንግሥት ሙሉ በሙሉ ሳይዘው ይኖራል ማለት ነው።

ሐሳቡን በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ላይ ያለው ዓመት ግን የእኛ አቆጣጠር ነው) ያስተዋወቀው ሃሪ ሹልትዝ የተባለ አሜሪካዊ እንደሆነ ይነገራል። ለባለሀብቶች የኢንቨስትመንት ምክር እየጻፈ በክፍያ የሚልክ ሰው ነበር። የእሱ ባንዲራዎች ሦስት ብቻ ናቸው። ውጭ አገር የተገኘ ገቢ ላይ ግብር የማይጥል አገር ፓስፖርት፣ ግብሩ ቀለል ያለና የተረጋጋ አገር ላይ ንግድ፣ እንደ ቱሪስት እየተመላለሱ የሚኖሩበት ደስ የሚል አገር። ተከታዮቹ ናቸው አምስት ያደረሱት። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ከዱባይ ፎቅ በረንዳ ሆነው «ግብር ድሮ ቀረ» የሚሉን ሰዎች ብዙዎቹ የእሱ የልጅ ልጆች ናቸው።

ከጀርባው ያለው እምነት የነፃ ገበያ እምነት ነው። መንግሥት እንደ ባለሱቅ ይታያል። ሰላም፣ ፍርድ ቤት፣ መንገድ ይሸጣል፤ ዋጋው ግብር ነው። ዋጋው ከተወደደ ወይም ዕቃው ከተበላሸ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ባለሱቁም ደንበኛ እንዳያጣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ጸባዩን ያሳምራል።

ይህ ተረት ብቻ አይደለም። ሞናኮ በ1869 የግል ገቢ ግብርን አስቀረች። የካዚኖው ገቢ በቂ ነበርና። ያቺ ትንሽ አገር በዚህ የተነሳ የሀብታም መናኸሪያ ሆነች። ግን ጎረቤት ባለሱቅ ዝም ብሎ አላየም። በ1962 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ደጎል ተቆጥቶ ድንበሯ ላይ የጉምሩክ ኬላ አቆመባት። በዓመቱ ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያ ወዲህ ሞናኮ የሚገባ ፈረንሳዊ እንደማንኛውም ፈረንሳዊ ለፓሪስ ግብር ይከፍላል። ጣሊያኑና እንግሊዙ አይከፍሉም። አንድ ሕንፃ ላይ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች፣ አንዱ ነፃ፣ አንዱ ከፋይ። ልዩነቱ የፓስፖርቱ ሽፋን ነው። ፍላግ ቲዎሪን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላገኘሁም።

ነገሩ እንዴት ይሠራል? አብዛኛው አገር ግብር የሚጠይቀው ዜጋ በመሆን ሳይሆን ነዋሪ በመሆን ነው። የታወቀው መለኪያ 183 ቀን ነው፤ የዓመቱ ግማሽና ትንሽ። እንደ ፓናማና ፓራጓይ ያሉት ደግሞ ነዋሪውንም ቢሆን አገር ውስጥ ባገኘው ገቢ ላይ ብቻ ነው የሚያስከፍሉት። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በደመወዝ ላይ ምንም የገቢ ግብር የላትም። (እዚያም ቢሆን ከ2018 ጀምሮ 5 በመቶ ቫት አለ፤ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከ375,000 ድርሃም በላይ የሆነ የንግድ ትርፍ 9 በመቶ ይከፈልበታል።) ስለዚህ ጀርመናዊ ወይም እንግሊዛዊ ጓዙን ጠቅልሎ ዱባይ ቢገባ፣ ለአገሩ መንግሥት የደመወዝ ግብር መክፈሉ በአብዛኛው ይቆማል። ጓዙን ጠቅልሎ ነው ታዲያ። ሚስትና ልጆች ለንደን እየኖሩ እሱ ብቻ ቀን እየቆጠረ ከሆነ የእንግሊዝ ግብር ሰብሳቢ ከቀኑ ሌላ ቤቱንም ቤተሰቡንም ይቆጥራል።

አሜሪካ ላይ ስንደርስ ጣጣው ይጀምራል። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር የት ግብር ትጠይቃለች። ኤርትራም በውጭ ባሉ ዜጎቿ ላይ የምትጥለው «ሁለት ፐርሰንት» አለ፤ ከነዚህ ሁለቱ ሌላ በዚህ የሚታወቅ የለም ማለት ይቻላል። ሜክሲኮ ሲቲ የሚኖር ኩክ የተባለ አሜሪካዊ ይህን ተቃውሞ ነበር። ንብረቴ ሜክሲኮ፣ ኑሮዬ ሜክሲኮ፣ አሜሪካ ምን አገባት ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በ1924 ተፈረደበት። የመንግሥት ጥበቃ ዜጋውን የትም ይከተላል፣ ግብሩም እንደዚያው፣ ነው የተባለው።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ሃያ ዓመት የሠራ ሐበሻ ሲቲዝን ሆኖ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ቢገባ፣ ባንዲራው አብሮት ይሄዳል። ግሪን ካርድ የያዘም ከዚህ አያመልጥም። እርግጥ ማቃለያ አለ። ውጭ አገር ሠርቶ ያገኘውን እስከ 130,000 ዶላር (የ2025 ልክ ነው) ከግብር ማስቀነስ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሰምተው «በቃ፣ ነፃ ነኝ» ይላሉ። አይደሉም። አንደኛ፣ ይህ ላብን እንጂ የቤት ኪራይንና የአክሲዮን ትርፍን አይመለከትም። ሁለተኛ፣ የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው 15.3 በመቶ የሚሆነውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአዛውንት ሕክምና) መዋጮ መክፈሉ አይቀርለትም፤ ኢትዮጵያም ኤምሬትስም ከአሜሪካ ጋር ይህን የሚያስቀር ስምምነት የላቸውም። ሦስተኛ፣ ግብሩ ዜሮ ቢሆንም ፎርሙ ይሞላል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የባንክ ሒሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ማሳወቅ አለበት። አገር ቤት የተከፈተው የዲያስፖራ አካውንትም እዚህ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው ገንዘቡ የራሴ፣ ባንኩ የአገሬ ብሎ ዝም ይላል። ቅጣቱ ግን ቀልድ አይደለም።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያም ጥያቄ አላት። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ በሚያገኘው ገቢም ግብር ይመለከተዋል። እንግዲህ «ጡረታዬን ይዤ አገሬ ገብቼ ልኑር» የሚል ሰው ሁለት ባንዲራ ሥር ነው የሚገባው። ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም አገር የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ቢያናግር ገንዘቡ አይባክንም።

ስለ ግል ኃላፊነትም ብዙ ይወራል። የፍላግ ቲዎሪ ሰዎች «ራስህን ቻል፣ መንግሥት እንዲያኖርህ አትጠብቅ» ሲሉ እኔም ግማሽ ልቤ አብሯቸው ነው። ሠርቶ የቆጠበ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ፀሐይ ባለበት፣ ኪራይ በማይገድልበት አገር ቢያሳልፍ ምን ነውር አለው? ግን ራስን መቻል ቁጥር አለው። ሜዲኬር ከጥቂት ሁኔታ በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። አዲስ አበባ ወይም ባንኮክ ላይ ልብ ቢታመም ሒሳቡ ከራስ ኪስ ወይም በግል ከተገዛ ኢንሹራንስ ነው። በበረንዳው ቪዲዮ ላይ ይህ ክፍል ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

በ2020 ደግሞ ኮሮና መጣ። አገሮች ድንበር ዘጉ። ማን ይግባ ሲባል ዜጋና ሕጋዊ ነዋሪ ተባለ። በሁሉም ቦታ እንግዳ፣ በየትም ነዋሪ ያልነበረው ሰው የሚገባበት ጠፋው። ቱሪስት ሆኖ መኖር የሚያዋጣው አየሩ ጥሩ ሲሆን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ይከነክነኛል። ዱባይ ላይ ኮንትራት የምትሠራ እህታችንም የገቢ ግብር አትከፍልም። ከአገሯ ወጥታለች፣ በላቧ ነው የምትኖረው፣ ከመንግሥት ምንም አትጠብቅም። በቃላት ደረጃ ፍላግ ቲዎሪን ከማንም በላይ ኖራዋለች። ግን ቪዛዋ አሠሪዋ እጅ ነው። ሁለት ሚሊዮን ድርሃም የሚያወጣ ቤት የገዛው ደግሞ አሠሪ የማያስፈልገው የአሥር ዓመት ጎልደን ቪዛ ማግኘት ይችላል። ገበያው ለሁሉም ክፍት ነው ሲባል የመግቢያው ዋጋም አብሮ ቢነገር ደግ ነው።

ባንዲራ መቀየርስ? ይቻላል። የካሪቢያኗ ደሴት አገር ሴንት ኪትስና ኔቪስ ከ1984 ጀምሮ በኢንቨስትመንት ዜግነት ትሰጣለች፤ ዛሬ ዝቅተኛው 250,000 ዶላር ነው። የአሜሪካን ዜግነት መተውም ይቻላል፤ ሀብቱ ሁለት ሚሊዮን ዶላር የደረሰ ሰው ግን ንብረቱን በሙሉ ዜግነቱን ከመተዉ በፊት ባለው ቀን እንደሸጠ ተቆጥሮ የመውጫ ግብር ይሰላበታል። ለሐበሻ ደግሞ ሌላ ቋጠሮ አለ። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የሌላ አገር ፓስፖርት ሲወሰድ የኢትዮጵያው ይቀራል። በምትኩ ያለው ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያኖራል፣ ያሠራል፣ ምርጫ ላይ ግን ድምፅ አያሰጥም። ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ ማግኘት የሚፈልግ ሰው መኖሪያውን ወደ አገር ቤት ማዞርና የውጭውን ዜግነት መተው አለበት። ፈረንጁ አምስት ባንዲራ ሲደረድር፣ እኛ የመጀመሪያው ላይ አንዱን አውርደን ነው ሌላውን የምንሰቅለው።