ኤሌ ኦፔሎንጌ፦ በአንድ ኪሎ ያመለጣት ሜዳሊያ ከስምንት አመት በኋላ የመጣላት የሳሞአ ክብደት አንሺ

ኤሌ ኦፔሎንጌ የሳሞአ ክብደት አንሺ ናት፣ የተወለደችው እ.ኤ.አ ሀምሌ 1985 ነው (ከዚህ በታች ያሉት አመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲፃፍ በጂ ስለሆነ ብዙ ሰው «ኦፔሎጌ» ይላታል፣ ሳሞአኖች ግን ያቺን ፊደል «ንግ» ብለው ነው የሚያነቧት። ለሀገሯ የመጀመሪያውንና ብቸኛውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያስገኘች እሷ ናት፣ ያገኘችበት መንገድ ግን ትንሽ ይገርማል።

ሳሞአ ማለት ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች፣ ኡፖሉና ሳቫይ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ደሴቶችና ጥቂት ትንንሾች ያሏት፣ ህዝቧ 200 ሺህ ገደማ የሆነ ሀገር ናት። ዋና ከተማዋ አፒያ ነው። ከአሜሪካን ሳሞአ ጋር እንዳትምታታባችሁ፣ ያኛው የአሜሪካ ግዛት ነው፣ ይሄኛው ከኒውዚላንድ አስተዳደር ወጥቶ በ1962 ነፃ የሆነው ነው። እዛ ስፖርት ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ራግቢ ነው። ጎበዝ የተባለው ስፖርተኛ ብዙ ጊዜ ወደ ኒውዚላንድ ወይ ወደ አውስትራሊያ ይሄድና ለዛ ሀገር ይጫወታል፣ ለምሳሌ ቦክሰኛው ዴቪድ ቱዋ ሳሞአ ተወልዶ በ1992 ባርሴሎና ላይ ነሀስ ያገኘው ለኒውዚላንድ ነው። ሳሞአ ራሷ ከ1984 ጀምሮ ኦሎምፒክ ስትሄድ ባዶ እጇን ነበር የምትመለሰው፣ ጎረቤቷ ቶንጋ እንኳን በ1996 አትላንታ በቦክስ ብር አግኝታ ነበር።

ክብደት ማንሳት ላይ ግን ሳሞአኖች ኃይለኛ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ብሄራዊ ቡድኑን ያሰለጠነው ጄሪ ዎልዎርክ የሚባል ሰው ነው። ስፖርቱ ራሱ ብዙ ነገር አይጠይቅም፣ ባርና ሰሌዳዎች፣ መድረክ፣ ጣራ፣ በቃ። ለማያውቀው ባጭሩ፦ ሁለት አይነት አነሳስ አለ። ስናች የሚባለው ከመሬት በአንድ ጊዜ ከጭንቅላት በላይ ማድረስ ነው፣ ክሊን ኤንድ ጀርክ የሚባለው ደግሞ መጀመሪያ ትከሻ ላይ አሳርፎ ከዛ መግፋት ነው። ለእያንዳንዱ ሶስት ሶስት ሙከራ ይሰጣል፣ ከሁለቱም የተሻለው ይደመርና ድምሩ ነው የሚያሸልመው። ስለዚህ አንድ ያልተሳካ ሙከራ ሜዳሊያ ሊያስቀር ይችላል።

ኤሌ የምትወዳደረው በሴቶች ከ75 ኪሎ በላይ በሚባለው በከባዶቹ ምድብ ነበር። ነሀሴ 2008 ቤጂንግ ላይ የዛ ምድብ ወሬ በሙሉ የደቡብ ኮሪያዋ ጃንግ ሚራን ነበረች፣ 140 በስናች 186 በክሊን ኤንድ ጀርክ በድምሩ 326 ኪሎ አንስታ የአለም ሪከርድ እየሰባበረች ወርቁን ወሰደች፣ ማንም አጠገቧ አልደረሰም (በኋላ በ2023 የሀገሯ የባህልና ስፖርት ምክትል ሚኒስትር ሆናለች)። እውነተኛው ፉክክር ከሷ በታች ነበር። የዩክሬኗ ኦልሀ ኮሮብካ 277፣ የካዛኪስታኗ ማሪያ ግራቦቬትስካያ 270፣ ኤሌ 269። አንድ ኪሎ! አንድ ኪሎ ስኳር በሉት። አራተኛ ወጥታ ወደ አፒያ ተመለሰች፣ ለሳሞአ እስከዛን ጊዜ ትልቁ የኦሎምፒክ ውጤት ቢሆንም አራተኛ ግን ያው አራተኛ ነው፣ መድረክ ላይ አይወጣም።

ከዛ በኋላ ያለው ነገር የሆነው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የኦሎምፒክ ኮሚቴው ከአትሌቶች የወሰደውን ሽንት አያፈስም፣ ለአመታት ያስቀምጠዋል፣ አዲስ የምርመራ ዘዴ ሲመጣ ደግሞ እንደገና ያወጣዋል። በ2016 የቤጂንግ ናሙናዎች እንደገና ሲታዩ ሁለቱም፣ ኮሮብካም ግራቦቬትስካያም፣ ቱሪናቦል የሚባለው አበረታች መድሀኒት ተገኘባቸው። ይሄ ድሮ ምስራቅ ጀርመን ለአትሌቶቿ ስትሰጠው የነበረው አሮጌ ስቴሮይድ ነው፣ ተጠቃሚዎቹ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል ብለው ነበር የሚተማመኑበት፣ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን ቅሪቱን የሚለይ ዘዴ ተገኘና በአንዴ ብዙ ሰው ተያዘ። ሁለቱ ሲሰረዙ ኤሌ ከአራተኛ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዘለለች፣ አምስተኛ የነበረችው ናይጄሪያዊቷ ማርያም ኡስማን ደግሞ በ265 ኪሎ ነሀስ ሆነላት። ውጤቱ አሁን ሲታይ ትንሽ ያስቃል፣ በወርቁና በብሩ መሀል የ57 ኪሎ ልዩነት አለ።

እኛም ይሄን ታሪክ እናውቀዋለን እኮ። እዛው ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህ ሜትር መሰረት ደፋር ነሀስ ነበር ያገኘችው፣ ለቱርክ የሮጠችው ኤልቫን አቤይለጌሰ በአበረታች መድሀኒት ስትሰረዝ ነው ወደ ብር ያደገችው። በ2012 ለንደን ላይ ሶፊያ አሰፋም በመሰናክል እንደዛው። ሜዳሊያው ይመጣል፣ ያን ቀን መድረክ ላይ መቆሙና ባንዲራ ሲወጣ ማየቱ ግን አይመጣም፣ ስፖንሰሩም እንደዛው።

ስለ ኤሌ ሲወራ ሁሌ ይሄ ብር ነው የሚነሳው፣ እኔ ግን ምርጧን ኤሌ ማየት የሚፈልግ ሰው 2010 ደልሂን ይይ ነው የምለው። የኮመንዌልዝ ጌምስ (በአብዛኛው የድሮ የእንግሊዝ ግዛቶች የሚወዳደሩበት ውድድር) ላይ 125 በስናች፣ 160 በክሊን ኤንድ ጀርክ፣ ድምር 285 አንስታ ወርቅ ወሰደች። ከቤጂንጉ በ16 ኪሎ ይበልጣል፣ ማለትም ቤጂንግ ላይ ብታነሳው ኖሮ ማንም ሳይሰረዝ ብሩ በዛው ቀን የሷ ነበር። 160 ኪሎ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ኩንታል ጤፍ የተሸከመ ሰው ያውቀዋል፣ አንድ ኩንታል ከግማሽ እና ከዛም በላይ ነው፣ በጀርባ ሳይሆን እጅ ተዘርግቶ ከአናት በላይ። በዚሁ ውድድር ወንድሟ ኒውሲላም በ105 ኪሎ ምድብ ወርቅ አገኘ፣ አንድ ቤት ሁለት ወርቅ።

በ2012 ለንደን ኦሎምፒክም ተወዳድራለች፣ በ2014 ግላስጎ ኮመንዌልዝ ላይ ደግሞ ብር አገኘች። ያሸነፈቻት ማን መሰለቻችሁ፣ ያችው ማርያም ኡስማን! ከሁለት አመት በኋላ የቤጂንጉ ሲስተካከል ቅደም ተከተላቸው ተገልብጦ ኤሌ ከላይ ማርያም ከታች ሆኑ።

የኦፔሎንጌ ቤት ነገር ግን በኤሌ አላበቃም። እህቷ ሜሪ እዛው ግላስጎ ላይ በ75 ኪሎ ሜዳሊያ አግኝታለች። የሳሞአ ክብደት ማንሳት በአጠቃላይም እያደገ ነው የሄደው፣ በ2018 ጎልድ ኮስት ኮመንዌልዝ ላይ ፌአንጋይንጋ ስታወርስ በሴቶች ከባድ ምድብ፣ ማለትም የኤሌን ምድብ በተካው፣ ወርቅ ወስዳለች። ኤሌ የተወዳደረችበት ከ75 በላይ የሚለው ምድብ አሁን የለም፣ ፌዴሬሽኑ መጀመሪያ 90 ከዛ 87 እያለ ቀያይሮታል። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ደግሞ መንግስት በኮቪድ ምክንያት ሀገር ውስጥ ያሉትን ክብደት አንሺዎች አልልክም ብሎ አስቀራቸው፣ ያኔ ሳሞአ በሯን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ነበር።

የቀሩት የኦፔሎንጌ ልጆች ተራቸውን ያገኙት በ2022 በርሚንግሃም ኮመንዌልዝ ላይ ነው። የኤሌ ወንድም ዶን በ96 ኪሎ ምድብ ወርቅ ወሰደ፣ በ109 ኪሎ የተወዳደረው ጃክ ኦፔሎንጌ ደግሞ 358 አንስቶ ብር አገኘ፣ የካሜሩኑ ልጅ ያሸነፈው 361 አንስቶ ነው።