የጓሳ ቀሮ፦ መንዝ ሣሩን የሚዘጋበትና የሚከፍትበት ሥርዓት

ጓሳ በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የውርጭ አገር ነው። ከፍታው ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል። የአገሩ ሰው ግን ጓሳን ከሁሉ በፊት የሚያውቀው በሣሩ ነው። ስሙም የሣሩ ስም ነው።

ጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል። ለማገዶ ደግሞ ጭራንፌና አስታ የሚባሉ ቁጥቋጦዎች አሉ። ችግሩ ሣሩ ቶሎ አያድግም። በዚያ ብርድ አንዴ የታጨደ ሣር እስኪያገግም ጊዜ ይፈጃል። ጓሳውን የመዝጋትና የመክፈት ሥርዓቱ፣ ቀሮ፣ የመጣው ለዚህ ነው።

አፈ ታሪኩ ሥርዓቱን ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን ለመካፈል በፈረስ ግልቢያ ተስማሙ ይባላል። የአስቦ ፈረስ ገና ብዙ ሳይሄድ ወደቀ። ስለዚህ የአስቦ ድርሻ አነሰ፣ የጌራ ሰፋ። እውነት ይሁንም አይሁን፣ ድንበሩን ያለ ደም የሚያስረዳ ተረት መሆኑ ደስ ይላል። የመጠቀም መብቱ ከእነዚህ አባቶች በሚቆጠር የአጽመ ርስት (ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ የመሬት መብት) ዘር የተያዘ ነበር።

የአስቦም የጌራም ወገኖች የየራሳቸውን አለቃ በጉባኤ ይመርጡ ነበር፤ ከመጠሪያዎቹ አንዱ አፈሮ ነው። ጓሳው ተዘጋ ከተባለ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ከብት አያስገባም፣ ማጭድ አያነሳም። ጥበቃው የተጠቃሚው ሁሉ ግዴታ ነበር። ሣሩ ደረሰ ሲባል በበጋ፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ይከፈታል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብቱና ማገዶ ለቃሚው ከዚያ በኋላ ይገባሉ። ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን በአቦ በዓል፣ መልሶ ይዘጋል። ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት በዓል የታወጀን ነገር «አልሰማሁም» ማለት አያዋጣም። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ጓሳው ለከብቱ የመጨረሻ መጠጊያ ነው። የክፉ ቀን ስንቅ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት አዋጁ ርስትን ሲሽር ቀሮ የቆመበት መሠረት አብሮ ወደቀ። ሥልጣኑ ለገበሬ ማኅበራት ተላለፈ፤ ጓሳው እንደ ልብ የሚገባበት ሆነ፤ ሣሩም ተጎዳ። አዋጁን በዚህ ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። በቀሮ ዘመን ከአቅኚዎቹ ዘር ያልሆነ ሰው ሣሩን በዓይኑ ከማየት ሌላ ድርሻ አልነበረውም።

የባህል ጽናት የሚያጠኑ የሶሻል ወርክ መምህራን ብዙ ጊዜ ዕድርና ዕቁብን ያነሳሉ። ለእኔ ግን መንዝ የበለጠ ያስተምራል፤ እዚህ ሥርዓቱ አንዴ ፈርሶ ነው የተነሳው። የአካባቢው ሰው ከቀበሌ መዋቅሩ ጋር የሚሄድ ኮሚቴ አቋቋመ። መዝጋትና መክፈቱ ቀጠለ፤ የዘር ቆጠራው ቀረ፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ነዋሪዎች መብት አገኙ። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከማኅበረሰቡ የተውጣጡ ጠባቂዎች፣ እንግዳ የሚያሳድር የማኅበረሰብ ሎጅም አለው።

አሁን ያለው ፈተና ሌላ ነው። ቆርቆሮ የሣር ክዳኑን ቦታ እየወሰደ ነው። ለቤቱ ጣሪያ ሣር የማይፈልግ ወጣት ጓሳው ለምን እንደሚዘጋ ቢጠይቅ አያስደንቅም። የማገዶው ነገር ደግሞ ገና መላ አላገኘም፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥም ምጣድ ይጣዳልና ጭራንፌው ይፈለጋል።