«ከባዱ ስለግ ይሻላል» እና ሌሎች የአየር ጠመንጃ ወሬዎች

በአየር ጠመንጃ ዒላማ መተኮስ አሜሪካ እና አውሮፓ ውስጥ ብዙ ወዳጅ ያለው መዝናኛ ነው። የተለመደችው ጥይት ፔሌት ናት። ወገቧ ቀጭን፣ ጀርባዋ ክፍት የሆነ ትንሽ የእርሳስ ማዕድን ቁራጭ። አሁን ግን ገበያውን ስለግ እየተሻማት ነው። ስለግ ወገብ የለውም። እንደ ተራ ጥይት ወጥ የሆነ የእርሳስ ቁራጭ ነው። ነፋስ ቶሎ አይገፋውም፣ ጉልበቱንም ሩቅ ድረስ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ይገዛዋል። ከዚያ አጭር ጠመንጃ ይዞ ሜዳ ይወጣል፣ ቀዳዳው ወረቀቱ ላይ ይበታተናል፣ «ጠመንጃው አይረባም» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም። ምርጫው የተመሠረተው ወሬ ላይ ነው።

«በፔሌት አንድ ቀዳዳ የሚደግም ጠመንጃ በስለግም ይደግማል»

አይደለም። ፔሌት አየር ላይ ስትሄድ ሁለት ረዳት አላት። አንደኛው መሽከርከሯ ነው። ሁለተኛው ክፍት ጀርባዋ ነው፤ አየሩ ጭራዋን ወደ ኋላ ስለሚይዘው አፍንጫዋ ወደ ፊት እንደተቀና ይቆያል። ስለግ ሁለተኛው ረዳት የለውም። የሚያረጋጋው መሽከርከሩ ብቻ ነው። ያንን የሚሰጠው ደግሞ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። የቦዩ ጥምዝ ለስለጉ ካነሰ ስለጉ እየተወላገደ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ወረቀቱን በጎኑ ይመታል። የተራዘመ ቀዳዳ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ያ ስለግ ለእናንተ አፈሙዝ አይሆንም።

ሌላም አለ። ብዙ አፈሙዞች ለፔሌት ተብለው ጫፋቸው ላይ በጥቂቱ ጠበብ ተደርገው ይሠራሉ። ፔሌት ይህ ይጠቅማታል። ስለግን ግን መጨረሻ ላይ ጨምቆ ሊያበላሸው ይችላል። ለዚህ ነው እንደ ስዊድኑ ኤፍኤክስ ያሉ አምራቾች የአፈሙዙን የውስጥ ቱቦ መቀየር የሚያስችል ጠመንጃ የሚሠሩት። ጥምዙን እንደ ጥይቱ ትመርጣላችሁ።

«22 ካሊበር ያው 22 ካሊበር ነው»

ካሊበር የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት መጠሪያ ነው፤ 22 ሲባል 0.22 ኢንች ገደማ ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

የፔሌት ጀርባ ስስ ነው። አየሩ ሲገፋው ሰፋ ብሎ የአፈሙዙን ግድግዳ ይሞላል። ስለዚህ ፔሌቷ ትንሽ ብታንስም አፈሙዙ ይቅር ይላታል። ስለግ ድፍን ስለሆነ እንደዚያ አይሰፋም። ሲሠራ የተሰጠው ስፋት ነው ያለው። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ስለግ በተለያየ ስፋት የሚሸጠው። የጀርመኑ ኤች ኤንድ ኤን ለምሳሌ የ22 ካሊበሩን በ0.217 እና በ0.218 ኢንች ያቀርባል። ልዩነቱ 0.025 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። አፈሙዙ ግን ያውቀዋል። አንዱ አንድ ላይ ይሰበሰባል፣ ሌላው ይበተናል።

እንዴት ትለያላችሁ? መጀመሪያ ጠመንጃው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጡ። የተጠራቀመውን አየር አስወጡ። አፈሙዙን ከጠመንጃው መፍታት ከቻላችሁ ፍቱት። ከዚያ አንድ ስለግ ከኋላ አስገብታችሁ በለስላሳ ዘንግ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። ያለ ምንም ትግል ሸርተት ካለ ስለጉ ቀጭን ነው፣ አየር ያሳልፋል። መዶሻ ካማራችሁ ደግሞ ስለጉ ወፍራም ነው። ትክክለኛው ወጥ በሆነ ቀላል ግፊት ይሄዳል። ሲወጣ አጉሊ መነጽር ያዙበት። የቦዩ ጭረት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። በአንድ ጎን ጥልቅ፣ በሌላው የማይታይ ከሆነ ሌላ ስፋት ሞክሩ።

ብዙ ሱቆች የተለያዩ ስፋቶችን በትንሽ በትንሹ አድርገው ይሸጣሉ። ሙሉ ቆርቆሮ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ። ሲቆጠር ውድ ይመስላል፤ ከማይሆን ሙሉ ቆርቆሮ ግን ይረክሳል።

«ከባዱ ይሻላል»

ከባድ ስለግ ነፋስ ይቋቋማል፤ እስከዚህ እውነት ነው። ግን ስፋቱ አንድ ሆኖ ክብደቱ ሲጨምር የሚያድገው ርዝመቱ ነው። ጥምዝ ደግሞ የሚጠይቀው ርዝመት ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል እ.ኤ.አ. በ1879 ለመድፍ ባወጣው ቀመር ውስጥ የጥይቱ ስፋት እና ርዝመት አለ፣ ክብደቱ ራሱን ችሎ የለም። አፍንጫው የተቦረቦረ ስለግ ይህን በደንብ ያሳያል። እርሳስ ከፊቱ ስለወጣለት፣ እኩል ከሚመዝነው ድፍን ይረዝማል። ቀለል ያለ መስሏችሁ ረጅም ትገዛላችሁ። ስለዚህ ከክብደቱ በፊት ርዝመቱን በካሊፐር፣ ማለትም በረቂቅ የርዝመት መለኪያ፣ ለኩ።

አጭር ጠመንጃ ላይ ደግሞ የጉልበት ጉዳይ አለ። አፈሙዙ ሲያጥር አየሩ ጥይቱን የሚገፋበት ጊዜ ያጥራል። 40 ጁል የሚሰጥ ጠመንጃ አለን እንበል። 25 ግሬን ስለግ፣ ማለትም 1.62 ግራም፣ በሰከንድ 222 ሜትር ገደማ ይወጣል። 20 ግሬኑ ወደ 248 ይደርሳል። ከባዱን በሰከንድ 275 ሜትር ለማስወጣት ከ60 ጁል በላይ ያስፈልጋል። ብዙ አጭር ጠመንጃ ይህ የለውም። ኖሮትም አየሩን በጥቂት ተኩስ ይጨርሳል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ በአጭር ጠመንጃ ከቀላሉ እና ከአጭሩ ጀምሩ፣ ዒላማው እስከፈቀደ ድረስ ወደ ላይ ውጡ።

«አጭር አፈሙዝ ዒላማ ይስታል»

አይስትም። አጭር አፈሙዝ ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ጥራት አይቀንስም። ቡልፐፕ የሚባሉት ጠመንጃዎች እንዲያውም አፈሙዛቸው ያን ያህል አጭር አይደለም፤ መተኮሻው ክፍል ወደ ሰደፉ ስለተገፋ ነው ጠመንጃው ያጠረው። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። ስኮፑ፣ ማለትም የማነጣጠሪያው መነጽር፣ ከአፈሙዙ በጣም ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ጠመንጃው ትንሽ ወደ ጎን ካዘነበለ ሩቅ ላይ ጥይቱ ወደዚያው ጎን ይሄዳል፤ ሰው ግን ስለጉን ይወቅሳል። ስኮፑ ላይ የምትታሰር ትንሽ ውሃ ልክ ይህን ትጨርሳለች።

«ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው»

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ጥይት ወደዚያ ፍጥነት ሲጠጋ የአየሩ ጫና በድንገት ይጨምራል፣ መረጋጋቱም ይናጋል። ስለዚህ አብዛኛው ተኳሽ ስለግን ከ270 እስከ 300 ባለው ውስጥ ያቆየዋል።

ከፍጥነቱ መጠን ይልቅ አለመለዋወጡ ይበልጣል። አንዱ ተኩስ 280፣ ቀጣዩ 275 ከሆነ 100 ሜትር ላይ ቀዳዳዎቹ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ከላይ ወደ ታች ይራራቃሉ። ቀዳዳዎቻችሁ ቁመታዊ መስመር ከሠሩ ስለግ ለመቀየር አትቸኩሉ። የአየሩን ግፊት የሚያስተካክለውን ሬጉሌተር እና የአየሩን ቫልቭ የሚከፍተውን መምቻ ስፕሪንግ ተመልከቱ።

«ሦስቱ አንድ ቀዳዳ ገቡ፣ አገኘሁት!»

ሦስት ተኩስ ዕድል ነው። አሥር ተኩሱ፣ ሌላ ቀን ደግማችሁ ሌላ አሥር። ርቀቱም ቁም ነገር አለው። 25 ሜትር ላይ ያማረ ስለግ 80 ላይ ሊበታተን ይችላል፣ ምክንያቱም አለመረጋጋቱ የሚታየው እየራቀ ሲሄድ ነው። ልትተኩሱ ባሰባችሁበት ርቀት ፈትኑት።

ፔሌት የአፈሙዙን ግድግዳ የምትነካው በጭንቅላቷ እና በጭራዋ ብቻ ነው። ስለግ በጎኑ ስለሚነካ እርሳስ ቶሎ ይለጥፋል። ስለዚህ ዓይነት ስትቀይሩ አፈሙዙን አጽዱና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች አትቁጠሯቸው። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ፣ እርሳስ መርዝ ነው።

ካዝናውንም አትርሱ። ለፔሌት የተሠራ ካዝና ውስጥ ረጅም ስለግ አፍንጫው ብቅ ይልና ካዝናው መዞር ያቅተዋል። በግድ ማዞር አፍንጫውን መጨፍለቅ ነው።

«አየር ነው፣ ምን ያደርጋል?»

የኦስትሪያ ጦር ከ1780 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ጂራርዶኒ የተባለ ሰው የፈለሰፈውን የአየር ጠመንጃ ለጦርነት ታጥቆ ነበር። አሜሪካን ያቋረጡት አሳሾች ሉዊስ እና ክላርክም ከ1804 እስከ 1806 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጉዞ የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር። ስለግ ደግሞ ጉልበቱን ቶሎ ስለማይጥል ፔሌት በምትወድቅበት ርቀት ላይ ገና አደገኛ ነው። ድንጋይ ከመታም ይነጥራል። ከዒላማው ጀርባ ወፍራም የአፈር ክምር ይኑር።

ሕጉም ቀላል አይደለም። የአሜሪካዋ ግዛት ኒው ጀርሲ የአየር ጠመንጃን እንደ ማንኛውም የጦር መሣሪያ ነው የሚያየው። ስኮትላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ ትጠይቃለች። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ የጉልበት ጣሪያው 16.3 ጁል ገደማ ሲሆን ጀርመን ውስጥ 7.5 ነው። በ16 ጁል 25 ግሬን ስለግ በሰከንድ 140 ሜትር ቢወጣ ነው። እዚያ አገር ፈቃድ ሳይኖራችሁ አጭር ጠመንጃ ከያዛችሁ ስለግ ፍለጋ አትድከሙ፤ ጥሩ ፔሌት ግዙ።