ብረትና ሩጫ፦ የጥንካሬ ልምምድ ለረጅም ርቀት ሯጮች

የጥንካሬ ልምምድ ጡንቻ፣ ጅማትና ነርቭ ከለመዱት በላይ ኃይል እንዲያወጡ በክብደት ወይም በዝላይ የሚሠራ ሥልጠና ነው። ለ5,000 ሜትር፣ ለ10,000 ሜትርና ለማራቶን ሯጭ ዓላማው ሰውነት ማሳበጥ አይደለም። በአንድ ፍጥነት ሲሮጥ የሚፈጀው ኦክስጅን እንዲቀንስለትና ለመጨረሻው 400 ሜትር ጉልበት እንዲተርፈው ነው። በሲድኒ ኦሊምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነበር። ሩጫው እስከዚያ ድረስ የሳንባና የልብ ሥራ ቢመስልም የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የሚወስነው እግር መሬትን የሚገፋበት ኃይል ነው።

ሯጭ እግሩ መሬት የሚነካው ለ0.2 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚህች ቅጽበት ከሰውነቱ ክብደት 2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ኃይል በአንድ እግሩ ላይ ያርፋል። ክብደቱ 55 ኪሎ ከሆነ ከ110 ኪሎ በላይ ማለት ነው፤ ይህም በ10,000 ሜትር ውስጥ ከ5,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ጠንካራ የተረከዝ ጅማት እንደ ሞላ ተወጥሮ ጉልበቱን መልሶ ይሰጣል። የላላ ጅማት ግን ጉልበቱን ያባክነዋል፤ ጡንቻውም የጎደለውን ለመሙላት ተጨማሪ ኦክስጅን ያቃጥላል።

ይህ በጥናት የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነ የፊንላንድ ጥናት፣ የአገር አቋራጭ ሯጮች ለ9 ሳምንታት የልምምድ ጊዜያቸውን ሲሶ ያህል በአጭር ፍጥነት፣ በዝላይና በፈጣን የክብደት ሥራ ተኩ። የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው በ3 በመቶ ገደማ ሲሻሻል ኦክስጅን የመጠቀም ጣሪያቸው ግን አልጨመረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በኖርዌይ ሯጮች ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ቀን፣ 4 ዙር ከባድ ግማሽ ስኳት (ብረት በትከሻ ተሸክሞ፣ ጉልበትን አጥፎ በከፊል ዝቅ ብሎ መነሣት) በየዙሩ 4 ጊዜ ሠሩ። በተወሰነ ፍጥነት የሚፈጁት ኦክስጅን በ5 በመቶ ቀነሰ፤ የሰውነታቸው ክብደት ግን አልጨመረም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በሯጮች ዘንድ ሥር የሰደደውን ፍርሃት ይመልሳል። «ብረት ያወፍራል፣ ያከብዳል» የሚለው ስጋት ለሰውነት ገንቢ ልክ ሊሆን ይችላል። በሳምንት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሮጥ ሰው ግን ጡንቻ ማሳበጥ ከባድ ነው፤ የሚበላው ምግብ ለሩጫው እንኳ በጭንቅ ይበቃል። በ3 ወይም በ5 ድግግሞሽ የሚሠራ ከባድ ክብደት በዋናነት የሚያሠለጥነው ነርቭን ነው፦ ያለው ጡንቻ በአንድ ጊዜና በፍጥነት እንዲሠራ ያደርጋል። የሚያሳዝነው ብዙ ሯጮች ከፍርሃት የተነሣ ቀላል ክብደት ይዘው 20 እና 30 ጊዜ መደጋገማቸው ነው። ይህ ጽናትን ይጨምራል እንጂ የጥንካሬውን ጣሪያ አያነሣም፤ ጽናቱን ደግሞ ከሩጫው አስቀድመው አግኝተውታል።

ጀማሪ በቀጥታ ወደ ከባዱ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ 4 እስከ 6 ሳምንታት የአሠራር መማሪያ ናቸው፦ 2 ወይም 3 ዙር፣ በየዙሩ 10 ጊዜ፣ በሳምንት 2 ቀን፣ ከ10ሩ በኋላ ሌላ 3 ወይም 4 ጊዜ ማንሣት በሚቻልበት ክብደት። ከዚያ 6 እስከ 8 ሳምንታት ከባዱ ምዕራፍ ይመጣል፦ 3 ወይም 4 ዙር፣ በየዙሩ 4 ወይም 5 ጊዜ፣ ከአቅም ጣሪያ (አንድ ጊዜ ብቻ ማንሣት ከሚቻለው ክብደት) 80 እስከ 85 በመቶ። በዙሮቹ መካከል 3 ደቂቃ ሙሉ ዕረፍት ያስፈልጋል። ሯጭ መቀመጥ ስለማይወድ ዕረፍቱን ወደ 1 ደቂቃ ያሳጥረዋል። ያኔ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ የሠራ ይመስለዋል፤ ክብደቱን ግን መቀነስ ግድ ይሆንበታልና ጥንካሬው ባለበት ይቀራል።

የአቅም ጣሪያን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ማንሣት አያስፈልግም፣ አደገኛም ነው። የተነሣውን ክብደት በድግግሞሹ ቁጥር አባዝቶ ለ30 ማካፈልና የተገኘውን በራሱ በክብደቱ ላይ መደመር በቂ ነው። 60 ኪሎ 5 ጊዜ ብቻ ማንሣት የቻለ ሰው፣ 60 በ5 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 10 ስለሚሆን ጣሪያው 70 ኪሎ ገደማ ነው። 85 በመቶው 60 ኪሎ ያህል ይመጣል።

የሚሠሩት እንቅስቃሴዎች ጥቂት ናቸው፤ ስኳት፣ ጉልበትን በትንሹ አጥፎ ከወገብ በመታጠፍ የሚሠራ ዴድሊፍት፣ በአንድ እግር ከፍ ያለ ሳጥን ላይ መውጣትና የባት ሥራ ይበቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ባት ነው። በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶች ቆሞ፣ ተረከዝን ከጠርዙ በታች በ3 ሰከንድ ማውረድ፣ ተመልሶ ወጥቶ ከላይ 1 ሰከንድ ያህል መቆየት፣ አንዱን እግር ለብቻው። መጀመሪያ ጉልበት ቀጥ ብሎ ይሠራል፣ ከዚያ በትንሹ ታጥፎ ይደገማል። ሲታጠፍ የሚሠራው ከታች ያለው ጠፍጣፋ የባት ጡንቻ ነው፤ በሩጫ ጊዜ ትልቁን ጫና ከሚሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ያለ ክብደት በአንድ እግር 20 ጊዜ ማድረግ ያልቻለ ሯጭ የዝላይ ልምምድ መጀመር የለበትም።

ብዙ ሠፈር ውስጥ ያለው ብረት በጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ከብረት ቧንቧ ጋር የተያያዘ ነው። ይሠራል፤ ግን ሁለቱ ጣሳዎች እኩል ሲሚንቶ ካልያዙ ወገብ በአንድ ወገን ይጎተታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጣሳ በሚዛን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ብረት ከሌለ ጀሪካን ይተካዋል፦ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ በሁለት እጅ 40 ኪሎ። እስከ አፉ መሞላት አለበት፤ የጎደለ ከሆነ ውሃው ውስጡ ይናወጥና ሚዛን ያስታል። በአንድ እግር ሲሠራ ደግሞ ይኸው ክብደት እጥፍ ያህል ይሆናል። ለፍንዳታ ኃይል (በቅጽበት ለሚወጣ ኃይል) እንጦጦን የመሰለ ዳገት ከማንኛውም ጂም አያንስም፦ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ በሙሉ አቅም ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ በእግር መመለስ፣ 6 እስከ 8 ጊዜ።

ጉዳት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከተመሳሳይ ጥፋቶች ነው። በስኳት ጉልበት ወደ ውስጥ ከወደቀ የዳሌ ጎን ጡንቻ ደካማ ነው ወይም ክብደቱ በዝቷል። ተረከዝ ከተነሣ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ብሏልና፣ እስኪስተካከል ድረስ ከተረከዝ ሥር ቀጭን እንጨት ማድረግ ይቻላል። ወገብ ከጎበጠ ያን ዕለት ማቆም ነው። ሌላው ችኮላ ነው፦ ጡንቻ በጥቂት ሳምንታት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ክብደትን በየሳምንቱ ከ5 በመቶ በላይ የሚጨምር ሰው ጡንቻው ቢችልም ጅማቱ ሊያመው ይችላል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት የሚደርቅና የሚያም ከሆነ፣ ዝላይ ይቁም፤ ቀስ ያለው የባት ሥራ ግን አይቁም።

የቀን አቀማመጡ ውጤቱን ይወስናል። ብረት የሚሠራው ከባድ ሩጫ ባለበት ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀላል ቀን ቀላል ሆኖ እንዲቀር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ፈጣን ልምምድ የሠራ ቡድን፣ በልቶና ተኝቶ 10 ሰዓት ላይ ብረት ቢሠራ ከ6 ሰዓት በላይ ልዩነት ያገኛል። በረጅም ሩጫ ዋዜማ ማድረጉ ግን ስህተት ነው፤ የጡንቻ ሕመም ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይቆያልና በተበላሸ አረማመድ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል።

ጾም የራሱ ስሌት አለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲሆን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይበላም። የ55 ኪሎ ሯጭ በኪሎ 1.6 ግራም ቢታሰብ በቀን 88 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። 250 ግራም ደረቅ ምስር፣ ባቄላ ወይም የሽሮ እህል 60 ግራም ያህል ይሰጣል፤ የቀረው ከእንጀራው ይመጣል። በአንድ ማዕድ ከማጨቅ ይልቅ በሚበላበት ሰዓት ሁሉ መከፋፈሉ ይሻላል። ከሰዓት ድረስ የሚጾም ሰው ብረቱን ወደ ምሽት፣ ከመጀመሪያው ምግብ 2 ሰዓት በኋላ ያድርገው። በዚህ ወቅት ክብደቱን ሳይሆን የዙሮቹን ቁጥር ይቀንስ፦ ከ4 ዙር ወደ 2። ጥንካሬ የሚጠበቀው በክብደቱ ነው።

የውድድር ወቅትም በዚሁ ደንብ ይሄዳል። በሳምንት 1 ቀን፣ 2 ዙር፣ ያው ከባድ ክብደት ያገኙትን ለመጠበቅ ይበቃል፤ ጨርሶ የተወ ሯጭ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያጣዋል። የመጨረሻው ከባድ ልምምድ ከውድድሩ 7 እስከ 10 ቀን በፊት ይሆናል፤ በውድድር ሳምንት አዲስ እንቅስቃሴ አይሞከርም። ከማራቶን በኋላ 2 ሳምንት ያህል ብረት አይነካም። ሲመለሱ የሚጀመረው ከቀድሞው ክብደት ግማሽ ገደማ ላይ ነው።